በቀይ ያልተጻፉ ስሞች

መስከረም 28፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ፍላሽ ዛሬ ከደሴቱ መጣ። ዲያቆን መልካሙ በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞት ነበር። የሞባይል ዳታ ከተዘጋ ወዲህ የእኛ ኢንተርኔት ይኸው ነው፤ ጀልባና ፍላሽ።

እሱና ጓደኛው ከብራናው አሥራ አንድ ቅጠል ገልብጠዋል። ከፍቼ አየሁት። ቀዩ በየቦታው ቁጭ ብሏል። ጋዜጣ በማርምባቸው ዓመታት ሁሉ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የሰው ስሕተት ሳሳድድ ኖሬ፣ ቀይ አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልጄ ጸሎት ትናንት ራት ላይ “እማዬ፣ ግን አንቺ የምትሠሪው ምንድን ነው?” አለችኝ። እንዲህ ብዬ አስረዳኋት። ማእከላችን የላካቸው ዲያቆናት ደሴቱ ላይ ባለው ገዳም ውስጥ የብራናውን መዝሙር እያዩ በኤዲተር ይጽፋሉ። ኤዲተር ማለት ፊደል ብቻ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው፤ ቀለም አያስቀምጥም። ጸሐፊው በብራናው ላይ በቀይ የጻፈውን ቃል ልጆቹ በቅንፍ ውስጥ ያስገቡታል። የእኔ የቀለም ፋይል ደግሞ ለኤዲተሩ “በቅንፍ ያለውን ቀይ አድርገህ አሳይ” ብሎ ይነግረዋል። ቀለሙ ስክሪኑ ላይ የሚታይ ብቻ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ የሚቀረው ቅንፉ ነው።

“እና ሥራሽ ቅንፍ ነው?”

“እንደዚያ በይው።”

“ይክፈሉሽ ብቻ” ብላ ሳቀች።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የመዝሙሩ እያንዳንዱ ቤት በቅዱስ ስም ይጀምራል። ስሙ አንዱ ቤት ላይ ቅንፍ አለው፣ ሌላው ላይ የለውም። መልካሙን ጠየቅሁት።

“ብራናው ላይም እንደዚያው ነው እትዬ። አንዳንዱ ስም ቀይ፣ አንዳንዱ ጥቁር ነው። ጸሐፊው ቀይ ቀለም አልቆበት ይሆናል።”

ቀለም ያለቀበት ሰው ስሙን በጥቁር ጽፎ ወዲያው በዚያው መስመር ሌላ ቃል በቀይ አይጽፍም። ተመልሼ አየዋለሁ።

ጥቅምት 2፣ ዓርብ

የማእከላችን አለቃ አምባቸው አዲስ ሰው ቀጠረ። ኪሩቤል ይባላል። የቆላ ድባ ልጅ፣ የቄስ ልጅ፣ ኮምፒውተር የተማረ። ሠላሳ አልሞላውም። ደሴቱ ሴት አያስገባም፤ ስለዚህ እኔ ያወጣሁትን የአጻጻፍ ደንብ እዚያው ቆሞ የሚያስከብር ሰው አልነበረም። ከእንግዲህ በየሳምንቱ እሱ ይሻገራል፤ እሱ እስኪደርስ ልጆቹ አዲስ ቅጠል እንዳይጀምሩ ተነግሯቸዋል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ይቀጠር ብዬ የጠየቅሁትም እኔ ነኝ።

“እትዬ አገርነሽ! ፋይልዎን ተማሪ እያለሁ አውርጄ ተጠቅሜበታለሁ” አለኝ ገና ሲጨብጠኝ።

ፋይሉን የኤዲተሩ ተጠቃሚዎች የሠሩትን በነጻ በሚለዋወጡበት ገጽ ላይ ካወጣሁት ሦስት ዓመት ሆነው። ከአክሱም አንድ መምህር፣ ከጣሊያን አንዲት ተማሪ ጽፈው አመስግነውኛል። ሁለቱንም ምስጋና በቃሌ አውቀዋለሁ።

ከዚያ “ትንሽ ብናሻሽለው ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል” አለ። ትንሽ።

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

ሠርቶ መጣ። ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

“እትዬ፣ ለልጆቹ ከመውሰዴ በፊት እስቲ ይዩልኝ። እርስዎ ያላዩትን መስጠት ያስፈራኛል።”

የእሱ ፋይል ቅንፍ አይፈልግም። የቅዱሳን ስሞች ዝርዝር አለው፤ ስሙን ባገኘ ቁጥር ራሱ ቀይ ያደርገዋል። ያምራል። ገጹ ራሱ ብራና ይመስላል። ከአናቱ ላይ የሠሪው ስም በሚጻፍበት ቦታ “መነሻው የወ/ሮ አገርነሽ ሥራ ነው” ብሎ ጽፏል። መነሻው። የቤት መነሻ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ድንጋይ ነው።

ዛሬ ጊዜ የለኝም። በደንብ አየዋለሁ።

ጥቅምት 9፣ ዓርብ

ፍላሹን መለስሁለት።

“እንዴት አገኙት?”

“ጥሩ ነው።”

“ጥሩ ብቻ?”

“ጥሩ ነው አልሁህ እኮ።”

“ጋሽ አምባቸው፣ የጋዜጣ ሰው ሲያደንቅ ይኸው ነው!” ብሎ ሳቀ። አምባቸውም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ነገ ይሻገራል። ጉድለቱን አይቼዋለሁ። በብራናው ላይ ጥቁር የሆነውንም ስም ቀይ ያደርገዋል፤ ስክሪኑ ላይ ቀይ ያየ ልጅ ደግሞ ቅንፍ አያስገባም። ግን እሱ የተማረ ሰው ነው። ያየዋል። እሱ ባያይ ልጆቹ ብራናው ከፊታቸው ተዘርግቷል፤ ያዩታል።

ጥቅምት 15፣ ሐሙስ

መልካሙ ለሶላሩ ባትሪ ሊወስድ ብቅ አለ። ፊቱ በርቷል።

“እትዬ፣ እጃችን ዳነ! የቅንፉ ጣጣ ቀረ። ስሙን ስንጽፈው ራሱ ይቀላል።”

“ብራናው ላይ ጥቁር የሆነው ስምስ?” አልሁት።

“እሱንማ አስተካከለልን! የእመቤታችን ስም በጥቁር ተጽፎ ሲታይ ያሳፍር ነበር እኮ። ዲያቆን ቢያዝን እንኳ ‘ጸሐፊው የጎደለበትን ኪሩቤል ሞላለት’ ብሎ ሲያመሰግን ነበር።”

ቢያዝን ሌላው ዲያቆን ነው። ሁለቱም ቅዱስ ስም በቀይ እንደሚጻፍ በልጅነታቸው ተምረው ያደጉ ናቸው። ጥቁሩ ለእነሱ የተጻፈ ነገር አይደለም፤ የጎደለ ነገር ነው።

ባትሪውን ተሸክሞ ወደ ወደቡ ሲሄድ በመስኮት አየሁት። መንገዱን እስኪሻገር ድረስ አየሁት።

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ

ሁለተኛው ፍላሽ። ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ጽፈዋል። በእኔ ፋይል ስከፍተው ገጹ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። አንድም ቅንፍ የለም። በኪሩቤል ፋይል ስከፍተው ስሞቹ ሁሉ ቀይ ናቸው።

አምባቸው ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። “ሥራ ማለት ይኼ ነው” አለ። “አገርነሽ መሠረት ጣለች፣ ኪሩቤል ግድግዳውን አቆመ።” ለማስደሰት ብሎ ነው የተናገረው።

ምሳ ሐይቁ ዳር አሳ በላን። የኔታም መጡ። መሪጌታ ገድሉ የማእከላችን ሊቅ ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ እኛ እያነበብን እሳቸው በቃላቸው ያቀኑናል። አሳ በቀረበ ቁጥር እሾሁን እየለቀምሁ የማጎርሳቸው እኔ ነበርሁ። ዛሬ እጄን ታጥቤ እስክመጣ ኪሩቤል ሰሐኑን ወደ እሳቸው አስጠግቶ እየለቀመላቸው ነበር።

“ይኼ ልጅ እጁ እንዴት የለሰለሰ ነው” አሉ የኔታ።

“ኮምፒውተር ብቻ ስለሚነካ ነው” አልሁ።

ሁሉም ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው።

ጥቅምት 23፣ ዓርብ

ዛሬ የሆነውን በሥርዓት ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ሌላው ሰው ወጥቶ እኔና የኔታ ብቻ ነበርን። ከአዲሱ ግልባጭ እያነበብሁላቸው ሳለ አስቆሙኝ።

“አገሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በመጽሐፉ ላይ የግራና የቀኝ ምልክት አለ?”

“የምን ምልክት፣ የኔታ?”

ነገሩኝ። መምህራቸው በዚያ ደሴት ያደጉ ነበሩ። በደሴቱ ማኅሌት እንደ ሌላው ቦታ በቀኝ የቆሙት መዘምራን አንሥተው በግራ የቆሙት በተራ አይቀበሉም። የቱን ቤት ቀኝ እንደሚያነሣ፣ የቱን ግራ እንደሚያነሣ የተለየ ሥርዓት ነበረው። መምህሩ ከማስተማራቸው በፊት ታመው ዐረፉ። ደሴቱ ላይም የሚያውቁት አባቶች አንድ በአንድ አለቁ፤ አሁን እዚያ ያሉት እንደ ሌላው አገር ነው የሚቆሙት።

“መምህሬ ‘መጽሐፉ ራሱ ይመራሃል’ ይሉኝ ነበር። እኔ መጽሐፉን ሳላየው ዓይኔ ሄደ። ከዳሩ ነጥብ ይኑረው፣ ፊደል ይኑረው አላውቅም። አርባ ዓመት ሳስበው ኖርሁ። አሁን እናንተ ከፈታችሁት። ሳልሞት ልስማው።”

እሳቸው ሲናገሩ ነገሩ በአንዴ ታየኝ። ቀዩና ጥቁሩ። የስሙ ቀለም ነው ምልክቱ።

“ከዳሩ ነጥብም ፊደልም የለም፣ የኔታ” አልሁ።

ይህ እውነት ነው። ከዳሩ ነጥብም ፊደልም የለም።

“ኪሩቤልን ብጠይቀው? እሱ መጽሐፉን በዓይኑ ያያል።”

“ይጠይቁት።”

ቤት ከገባሁ በኋላ የመስከረሙን አሥራ አንድ ቅጠል በወረቀት ላይ አወጣሁት። ቀይ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቀይ። መላ የለውም፣ በግምት አይሞላም። ግን ቤቶቹን ቀይና ጥቁር ብዬ ለይቼ ሳነበው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው የሚነጋገሩ ይመስላል። ቀዩ ይጠይቃል፣ ጥቁሩ ይመልሳል፤ አንዳንዴ ጥቁሩ መልሱን አይለቅም።

ልጁ ፋይሉን ሲሠራ ይህን አላወቀም። እኔ አወቅሁ። ይህንን መጻፍ ደስ ይላል።

ጥቅምት 27፣ ማክሰኞ

ሥራ በዛ። ኪሩቤል ደሴቱ ላይ ነበር። እምቦጭ የጀልባውን ሞተር ይዞበት እንዳይመለስ ተሰግቶ ነበር፤ ቢሮው ሁሉ ስልክ ሲደውል ዋለ። በሰላም ተመለሰ። እኔም ደውያለሁ።

ኅዳር 2፣ እሑድ

ጸሎት ከጓደኛዋ ቢሮ ዋይፋይ አግኝታ መጣች። የኪሩቤል ፋይል በመለዋወጫው ገጽ ላይ ወጥቶ በቴሌግራም እየዞረ ነው። የማክሰኝት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መዝሙራቸውን በሱ ይጽፋሉ። ከሥሩ “እጅህ ይባረክ” የሚሉ ሰዎች ተሰልፈዋል። ፋይሉ አናት ላይ ስሜ አለ። ሰው ግን ከአናቱ ላይ ያለውን አያነብም።

“እማዬ፣ ቀናሽ እንዴ?”

“ምኑ ያስቀናኛል?”

“እኔንጃ። ስልኬን ሦስቴ ወሰድሽብኝ።”

“ዜና እያየሁ ነው።”

“ዜናው ሁሉ ኪሩቤል ኪሩቤል ይላላ።”

ስልኩን መለስሁላት። የዛሬ ልጆች አንደበታቸው ልክ የለውም።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

የኔታ ኪሩቤልን ጠየቁት። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርሁ።

“ልጄ፣ መጽሐፉን ታየዋለህ አይደል። ግራና ቀኝ የሚለይ ነገር አለው?”

ኪሩቤል አልተቻኮለም። ላፕቶፑን ከፍቶ እስካሁን የተጻፈውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየ። “የኔታ፣ የለም። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁሉም በቅዱስ ስም ይጀምራሉ፣ ሁሉም ቀይ ናቸው።”

“ሁሉም?”

“ሁሉም።”

የኔታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ “መምህሬ ተሳስተው ነበር ማለት ነው” አሉ። “ወይም ደግሞ እኔ ልጅ ነበርሁ፤ ሳልሰማ ሰማሁ ብዬ ይሆናል።”

ኪሩቤል ክንዳቸውን ይዞ “አይዘኑ የኔታ” አለ።

እኔ አንድ ዐረፍተ ነገር እያረምሁ ነበር። አሁን ሳስበው የትኛውን ዐረፍተ ነገር እንደሆነ አላስታውስም።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

ነገሩን በእርጋታ ላስበው።

አንደኛ፣ አልተጠየቅሁም። የኔታ ስለ ነጥብና ፊደል ጠየቁኝ፣ መለስሁ። ኪሩቤል ጉድለት አለው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ብናገር ምን ይሆናል? ልጁ ፋይሉን በአንድ ሰዓት ያስተካክለዋል። ሁለቱን ዲያቆናት ቁጭ አድርጎ ቅንፉን ያስገባል። ከዚያ አምባቸው “ስሕተቱን አምኖ ወዲያው ማረሙ!” ይላል። የኔታ ግንባሩን ይስማሉ። አገርነሽ መሠረት ጣለች።

ፆሙ እንደገባ አምባቸው ስብሰባ ይጠራል። ለየገዳማቱ በማእከሉ ስም የሚላከው የማን ፋይል እንደሆነ የሚወሰነው ያኔ ነው። ነገሩ የሚነገርበት ቦታ እሱ ነው፤ ማስረጃው ቀርቦ፣ ሁሉም ባለበት። ጋዜጣ ላይ ሳለሁም ያልተሟላ ዜና አላወጣም ነበር።

መጽሐፉ እንደሆነ የትም አይሄድም። ለሁለት ወር ነው የተፈቀደልን፤ አምባቸው እንደሚራዘም ነግሮናል።

የኔታ ዛሬ አልመጡም። ጉንፋን ነው ብለዋል።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

“ፈቃዱ ይራዘማል ወይ?” ብዬ አምባቸውን ጠየቅሁት።

“ደብዳቤ ልኬያለሁ። ደግሞ ምን ሊያደርግልን? ልጆቹ እየጨረሱ ነው።”

“ለማመሳከር።”

“አንቺ ደግሞ! ኪሩቤል አመሳክሮታል።”

እሺ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ኪሩቤል ላፕቶፖቹን በሙሉ ይዞ ከደሴቱ መጣ። “አለቀ እትዬ! ሙሉውን ጨረስነው!” ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ጮኸ። ተጨበጨበ።

ፈቃዱ አልተራዘመም። አባቶች እንዲህ አሉ ብሎ ነገረን፦ “ፆመ ነቢያት ሊገባ ነው። መጽሐፉን ገልብጣችኋል፣ እኛም ሣጥኑን ቆልፈናል። ከእንግዲህ ለውጭ ሰው አይከፈትም።” ፎቶ ማንሣት ከመጀመሪያው ተከልክሎ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ከሣጥኑ ውጭ ያለው እኛ የገለበጥነው ብቻ ነው።

ቢሮውን ቀድሜ ለቅቄ በእግሬ እስከ ግሽ አባይ ሰፈር ሄድሁ። ባጃጅ ነበር፤ አልያዝሁም።

አምባቸው ይራዘማል ብሎ ነበር እኮ። በቃሉ ነው የታመንሁት።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ስብሰባው ተደረገ።

አምባቸው “እንግዲህ በማእከሉ ስም የሚሠራጨው የኪሩቤል ፋይል ይሁን። ተቃውሞ ያለው?” አለ።

እጄን አነሣሁ። ሁለት ገጽ ግድግዳው ላይ አበራሁ። “ይህ ከነቅንፉ የተጻፈው የመስከረሙ ነው። በብራናው ላይ ስሞቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ቀይና ጥቁር። የቀለም ማለቅ አይደለም። ቀይ ስም ያለበትን ቤት ቀኝ ያነሣል፣ ጥቁር ስም ያለበትን ግራ። ይህ ደግሞ ከኪሩቤል ፋይል በኋላ የተጻፈው ነው። ልዩነቱ የለም፤ ጠፍቷል።” ተለማምጄዋለሁ።

የኔታ ከማዕዘኑ ብድግ አሉ። “እስቲ አንብቢው። ስሙ ቀይ ሲሆን ቀይ በይኝ፣ ጥቁር ሲሆን ጥቁር።”

አነበብሁ። እጃቸው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እየሄደ ነበር። ሦስተኛው ቤት ላይ በለሆሳስ ማዜም ጀመሩ። ሰባተኛው ላይ አቆሙና “ይኸው! ይኸው ነው!” አሉ። “መምህሬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሐሰተኛ አደረግኋቸው እኮ። ሞተው ሐሰተኛ አደረግኋቸው።” እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ።

በዚያች ደቂቃ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ አምባቸው “ቆይ፣ ቆይ። መጽሐፉ ሣጥን ገብቷል እኮ” አለ።

ኪሩቤል ዓይኑን ከግድግዳው አነሣ። እኔን አየኝ። “እትዬ፣ ፍላሹን ያኔ…” ብሎ ጀመረና ተወው።

“የምን ፍላሽ?” አለ አምባቸው።

“ምንም። ጥፋቱ የእኔ ነው” አለ ኪሩቤል።

የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው “መቼ ነው ያወቅሽው፣ ልጄ?” አሉኝ።

“ቀኑን በትክክል አላስታውስም” አልሁ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

የማእከሉ ፋይል የእኔ እንዲሆን ተወስኗል። አምባቸው በአጭሩ ነገረኝና ስልክ አለብኝ ብሎ ወጣ። እንኳን ደስ ያለሽ ያለኝ የለም። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።

መልካሙ በር ላይ አግኝቶኝ “እትዬ፣ ያን ቀን ‘ጥቁሩስ?’ ብለውኝ ነበር አይደል?” አለኝ።

“ብዬህ ነበር።”

“ምነው አንድ ቃል ቢጨምሩልኝ” አለ። በክፋት አይደለም፤ ራሱን እየነቀነቀ ነው።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ኪሩቤል ፋይሉን ከመለዋወጫው ገጽ አንሥቶታል። በቦታው ማስታወቂያ ጽፏል፦ “ይህን ፋይል አትጠቀሙ። በብራናው ላይ የሌለ ቀይ ያሳያል። ስሕተቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። የወ/ሮ አገርነሽን ፋይል ተጠቀሙ፤ እሱን የተውሁት በእኔ ችኮላ ነው።” ከሥሩ ሰዎች “ስሕተቱን የሚያምን ሰው ይብዛልን” ይሉታል። ከቀድሞው ይበልጣሉ።

እንዳየሁለት አልጻፈም። ደጋግሜ አነበብሁት፣ የለም። ቢጽፍ ኖሮ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

የእኔን ፋይል ዛሬ አሻሻልሁ። ቅንፍ ያልገባለትን ቅዱስ ስም ሲያገኝ ከሥሩ መስመር አሥምሮ ጸሐፊውን “ብራናውን ተመልከት” ይለዋል። ለዚህ የስም ዝርዝር ያስፈልጋል፤ ከኪሩቤል ፋይል ወሰድሁት። እንዲህ ያለ ዝርዝር ማንም ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ስለዚህ ከአናቱ ላይ ያለውን ስም መለወጥ አላስፈለገም።

ኅዳር 25፣ ማክሰኞ

ኪሩቤል ሄደ። ከአምባቸው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቆ ፆሙን እዚያው ደሴት ሊያገለግል ተሻግሯል። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል። እስከ ገና ድረስ ፀባዩን አይተው አባቶች ምናልባት ሣጥኑን ለአንድ ቀን ይከፍቱለት ይሆናል። ላይከፍቱለትም ይችላሉ። ቃል የገባለት የለም።

ወደቡ ድረስ ሸኙት፤ ሁሉም። የኔታ ሳይቀሩ በብርዱ ወጥተው መረቁት። እኔ ራሴን አሞኝ ነበር።

ደሴቱ ሴት አያስገባም። ቢያስገባ እኔም መሄድ እችል ነበር። ይህን ለማንም መናገር አያስፈልግም፤ ግን መታወቅ አለበት።

ታኅሣሥ 3፣ ረቡዕ

የኔታ ዛሬ መልካሙን ይዘው ራሳቸው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ከስብሰባው ወዲህ አልመጡም ነበር። እንደ ወትሮው “አገሬ” አላሉኝም፤ “ወይዘሮ አገርነሽ፣ ጊዜ ካለዎት አሥራ አንዱን ቅጠል ያንብቡልኝ። በቃሌ ልያዘው” አሉ። በአንቺ ነበር የሚያናግሩኝ።

አነበብሁላቸው። “ቀኝ” እያልሁ፣ “ግራ” እያልሁ። መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ እየጣሉ ብቻቸውን ሁለቱን ወገን ሆነው አዜሙ። በቀኝ ሲሆን ድምፃቸው ይከፈታል፣ በግራ ሲሆን ዝቅ ይላል። መልካሙ በሩን ተደግፎ ያለቅስ ነበር። የጎረቤት ቢሮ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

አሥራ አንደኛው ቅጠል የሚያልቀው ጥያቄ ላይ ነው። ቀኙ ጠይቆ ነው የሚያበቃው። የኔታ ጥያቄውን አዜመው መቋሚያቸውን ከፍ እንዳደረጉ ቆዩ።

“ቀጥሎ የሚያነሣው ማን ነው?” አሉ። “ግራው ይመልሳል፣ ወይስ ቀኙ ራሱ ይደግመዋል?”

ቃሉ ከፊቴ ነበር፤ የሚቀጥለው ቤት ሙሉ ተጽፏል። ስሙ የምን ቀለም እንደነበር ግን አይናገርም።

“አላውቅም፣ የኔታ።”

መቋሚያው ቀስ ብሎ ወረደ። “ኪሩቤል ያመጣልን ይሆናል” አሉ። “እግዚአብሔር ይርዳው።” መልካሙ “አሜን” አለ። ኮሪደሩ ላይ ያሉትም “አሜን” አሉ።

እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ከምን እንደደበቅሁት አላውቅም፤ የኔታ አያዩም።